ጣና ላይ ለሚውል ዓይን የቱ መነጽር ይሻላል? ጥቁር፣ ቡናማ ወይስ ፖላራይዝድ?

የወደቡ_ልጅ | ቅዳሜ፣ ማታ 2:10

እንደምን አመሻችሁ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ሥራዬ ጀልባ ላይ ነው። ከወደቡ ወደ ዘጌ፣ አንዳንዴም ወደ ደቅ እንግዳ እናመላልሳለን። አባቴም ዕድሜውን ሙሉ እዚሁ ውሃ ላይ ነው ያሳለፈው።

ዘንድሮ አንድ ዓይኑን ሞራ እንደጀመረው ተነገረን። የመረመረችው ባለሙያ ሌላም ነገር አሳየችኝ። በአፍንጫው በኩል ከነጩ የዓይኑ ክፍል ተነስቶ ወደ ጥቁሩ የሚሄድ ቀጭን ሥጋ አለ። ቤት ገብቼ በመስታወት ራሴን አየሁ። ያችው ነገር በእኔም ቀኝ ዓይን ጥግ ላይ ብቅ ብላለች። ገና 31 ዓመቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነው ስለ መነጽር በቁም ነገር ማሰብ የጀመርኩት። እስከ ዛሬ ሦስት ገዝቻለሁ። አንደኛው በጣም ጥቁር ነው። ዘጌ ደርሰን ወደ ቡናው ጫካ ስገባ እግሬ ሥር ያለውን ድንጋይ አያሳየኝም። ሁለተኛው ከላይ ጠቁሮ ወደ ታች እየሳሳ የሚሄደው ዓይነት ነው። ሲያዩት ያምራል፤ ውሃ ላይ ግን ከታች የሚመጣው ነጸብራቅ ዓይኔን ይወጋኛል። ሦስተኛውን ከአንድ ሱቅ «ፖላራይዝድ ነው» ተብዬ በውድ ገዛሁት። ተለጣፊውም ላይ ተጽፏል። ሐይቁ ላይ ሳደርገው ግን ከጥቁሩ ምንም ለውጥ አላየሁበትም።

የእኔ ቀን እንዲህ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አንዳንዴ ጉም አለ። 3 ሰዓት ላይ ውሃው መስታወት ይሆናል። ቀትር ላይ ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ዘጌ ጥላ ነው። ከሰዓት ሁለተኛውን ዙር ስንሄድ ፀሐዩ ፊት ለፊት ይመጣል። ለዚህ ሁሉ አንድ መነጽር ይበቃል? ካልበቃ የቱን ልግዛ? ለአባቴም ለእኔም ነው የምጠይቀው።

ሌንስ_ቆራጭ | ቅዳሜ፣ ማታ 2:48

ወንድሜ፣ በቅድሚያ አባትህን እግዜር ይማርልን።

እኔ መነጽር ቤት ውስጥ ሌንስ ነው የምቆርጠው። በቀን ውስጥ ብዙ ሰው ይገባል። ከአስሩ ዘጠኙ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጠቆር ያለ ስጠኝ።» ይሄን ስሰማ ሁልጊዜ ቆም ብዬ አስረዳለሁ። አንተም ዛሬ ታገሠኝ፤ ትንሽ ይረዝማል።

የሌንስ ጥቁረት ሌላ፣ ጨረር መከላከሉ ሌላ ነው። ዓይንን የሚጎዳው አልትራቫዮሌት አይታይም፤ ቀለምም የለውም። ጥርት ያለ፣ እንደ ውሃ ንጹሕ ሌንስ ሙሉ በሙሉ ሊያስቀረው ይችላል። እንደ ከሰል የጠቆረ ሌንስ ደግሞ ሊያሳልፈው ይችላል። ችግሩ እዚህ ላይ ይብሳል። ዓይን ጨለማ ሲያይ ብሌኑ ይሰፋል። በሰፋው ብሌን በኩል ያ የማይታየው ጨረር በብዛት ይገባል። ስለዚህ ጨረር የማይከለክል ጥቁር መነጽር ካለመነጽር ሊከፋ ይችላል። በባዶ ዓይን ብትሆን ቢያንስ ታጨነቁር ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልገው «ዩቪ 400» የሚለውን ነው። እስከ 400 ናኖሜትር ያለውን ጨረር ይከለክላል ማለት ነው። ይሄ ከሌለ ስለ ቀለም ማውራት ትርፉ ድካም ነው።

ከዚያ የጥቁረቱ ደረጃ ይመጣል። ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ክንድ ውስጡን እየው። ደህና ዕቃ ከሆነ ከ0 እስከ 4 ቁጥር ይኖረዋል። 0 ጥርት ያለው ነው። 1 ቀለል ያለ ጥላ ነው። 2 ከሚታየው ብርሃን ከ18 እስከ 43 በመቶ ያሳልፋል። 3 ከ8 እስከ 18 በመቶ ነው። 4 ከ3 እስከ 8 በመቶ ብቻ ነው። 4ን አድርጎ መኪና መንዳት አይፈቀድም። ለጣና ቀን የሚሆንህ 3 ነው። ለጉምና ለጫካ 1 ወይም 2። የመጀመሪያው መነጽርህ ምናልባት 4 ነው፤ ለዚያ ነው ድንጋዩ የጠፋብህ።

ሁለተኛው ደግሞ፣ ከላይ የሚጠቁረው፣ ለመኪና ሰው የተሠራ ነው። ሰማዩን ይጋርድና ከታች ያለውን ዳሽቦርድ ያሳያል። ለጀልባ ሰው ተገላቢጦሽ ነው። አንተን የሚያጥበረብርህ ከታች ያለው ውሃ ነውና።

ፖላራይዝዱን ነገ እጽፍልሃለሁ። ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

ደንገል | ቅዳሜ፣ ማታ 3:20

የታንኳ ቤተሰብ ነኝ። አያቴም አባቴም በደንገል ታንኳ ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረዋል። መነጽር የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ግንባራቸው ላይ ጨርቅ ይጠመጥሙና ወደ ፊት ያወርዱታል። እንደ ቆብ ምላስ ይሆናል። አባቴ 60 ሳይሞላው ነው መረቡን በእጅ እየዳሰሰ መጠገን የጀመረው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፖላራይዝድ መነጽር አድርጌ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ላይ የወጣሁ ቀን ተደናግጬ ነበር። ያ ነጭ ብልጭታ ጠፋ። የመረቡ ገመድ ከውሃው ሥር አንድ ክንድ ያህል ታየኝ። እምቦጩም ገና ከሩቅ ሥሩ ሳይቀር ይለያል። ግን ጣና ድፍርስ ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ፣ ግልገል ዓባይና መገጭ አፈሩን ይዘውት ሲገቡ ምንም መነጽር ታች አያሳይህም። እስከ ታች ያሳያል የሚልህን ሰው አትመን።

ሌንስ_ቆራጭ | እሑድ፣ ጠዋት 1:35

እንደ ቃሌ መጣሁ። ደንገል ያልከው ሁሉ ልክ ነው።

ብርሃን ከፀሐይ ሲመጣ በየአቅጣጫው እየተወዛወዘ ነው የሚመጣው። ጠፍጣፋ ነገር ላይ፣ ውሃም ይሁን እርጥብ አስፋልት፣ አርፎ ሲንጸባረቅ ግን በብዛት አግድም ይሆናል። ፖላራይዝድ ሌንስ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን አግድሙን አይቀበልም፤ ቁሙን ብቻ ያሳልፋል። ስለዚህ ነጸብራቁን ለይቶ ይጥላል። ተራ ጥቁር ሌንስ ሁሉንም እኩል ነው የሚያጨልመው።

ውሃ ላይ ይሄ ነገር በጣም የሚበረታው ፀሐዩ ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ሲል ነው። ባሕር ዳር ላይ ይሄ በግምት ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ነው። «3 ሰዓት ላይ መስታወት ይሆናል» ያልከው ለካ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ዓይንህ ሳታውቀው ለክቶታል።

አሁን ያንን በውድ የገዛኸውን ፈትነው። ብዙ ሰው በስልክ ነው የሚሞክረው። ስልኩን ከፍተህ በሌንሱ በኩል እያየህ ስልኩን ታዞረዋለህ። በአንድ አቅጣጫ ከጠቆረ ሌንሱ ፖላራይዝድ ነው። ግን አንዳንድ ስልክ በየትኛውም አቅጣጫ አይጠቁርም፤ እሱ ሊያሳስትህ ይችላል። አንተ ጣና አጠገብህ እያለ ስልክ ምን ያደርግልሃል? 3 ሰዓት ላይ ዳርቻው ላይ ቁም። መነጽሩን አድርግና የሚያብለጨልጨውን ውሃ እየው። ከዚያ ጭንቅላትህን ወደ ትከሻህ አዘንብለው። ብልጭታው ተመልሶ ከመጣ እውነተኛ ነው። ቀጥ ብለህም አዘንብለህም ያው ከሆነ ተታለሃል።

የወደቡ_ልጅ | እሑድ፣ ከሰዓት 7:05

ከቅዳሴ መልስ ሄጄ ሞከርኩት። 3 ሰዓት ከሩብ ነበር። ቀጥ ብዬ አየሁ፣ አዘነበልኩ፣ እንደገና ቀና አልኩ። ያው ነው። ውሃው ያብለጨልጫል፤ ትንሽ ጠቆር ብሎ ብቻ። ከጎኔ የነበረ እንግዳ ያደረገውን ለአንድ ደቂቃ ለመንኩት። ቀና ስል ውሃው አረንጓዴ ቡናማ ሆኖ ታየኝ። ትከሻዬ ላይ ሳዘነብል ያ ነጭ እሳት ተመልሶ መጣ። ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት።

እናም የእኔው ተለጣፊ ብቻ ነው። ገንዘቡ ሳይሆን ሁለት ዓመት ሙሉ ተከላክያለሁ ብዬ መቀመጤ ነው የቆጨኝ።

የባጃጅ_ሰው | እሑድ፣ ማታ 1:15

ውይይቱ ደስ ብሎኛል። እኔ ከመሬት ነኝ። ጠዋት ከከተማው ወደ ምሥራቅ በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ስሻገር ፀሐዩ ልክ ዓይኔ ውስጥ ነው የሚገባው። 380 ሜትሩ ሙሉ ከፊቴ ያለው መኪና ጥላ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ድልድዩ በግንቦት 2016 ከተከፈተ ጀምሮ በቀን ስንት ጊዜ እንደምሻገረው አትጠይቁኝ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ፀሐይ ሲያገኝ ራሱ የሚጠቁረው፣ ፎቶክሮሚክ የሚሉት፣ ለባጃጅ ይሆናል? ደግሞ ለማታ ቢጫ መነጽር አለ ይላሉ። የመኪና መብራት ይቀንሳል ብለው ይሸጡታል። እውነት ነው?

የጎንደር_መስመር | እሑድ፣ ማታ 1:50

ልጄ፣ እኔ 22 ዓመት ከባሕር ዳር ጎንደር ሚኒባስ ነድቻለሁ። ልንገርህ።

ፎቶክሮሚክን ገዝቼ ነበር። ውጭ ቆሜ ሻይ ስጠጣ ይጠቁራል። ጋቢና ስገባ ይነጣል። መነጽር ቤቱን ተከራክሬ ሌላ ቀየሩልኝ። እሱም ያው ሆነ። በኋላ ነው የገባኝ። የሚያጠቁረው አልትራቫዮሌቱ ነው። የመኪናው የፊት መስታወት ያንን አስቀድሞ ይይዘዋል። ለእኔ አልሆነም። አንተ ግን ጎንህ ክፍት ነው፤ ትንሽ ይጠቁርልህ ይሆናል። ቢሆንም ድልድዩ ላይ እንደምትፈልገው አይሆንም።

ስለ ማታው ቢጫ አንድ ቃል፦ ተወው። ማታ ዓይን የሚለምነው ብርሃን ነው። ማንኛውም ቀለም ያለው ሌንስ ብርሃን ይቀንሳል። የመጪውን መኪና መብራት ሲቀንስ ዳር ላይ የሚሄደውን እግረኛም አብሮ ይቀንሰዋል። ከሐሙሲት ወረታ ባለው መንገድ ማታ የሚሄደውን ሰውና በሬ አስብ።

ጠዋት ወደ ወረታ ስወጣ ፀሐዩ በቀኝ ግንባሬ ነው። ማታ ስመለስ ፊት ለፊት ነው። ከረጅም ጊዜ ልምድ ያገኘሁት ቡናማ፣ ደረጃ 3፣ ፖላራይዝድ ነው። ክረምት ላይ ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ እርጥቡ አስፋልት ያሳውራል። ያኔ ፖላራይዝዱ ያለበት ሹፌር ጉድጓዱን ያያል። ጎን ባለው መስታወት ላይ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ነገር ካየህ አትደንግጥ። መስታወቱ በሙቀት ሲጠነክር የተፈጠረ ነው፤ ሌንሱ ነው ያወጣው። አንዳንድ ዲጂታል ዳሽቦርድም ይጠቁርብሃል። ከመግዛትህ በፊት የራስህን መኪና አይተህበት ግዛ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደግሞ አውልቀው። ሌንሱን የለመደ ዓይን መምሸቱን አያውቅም።

ሌንስ_ቆራጭ | እሑድ፣ ማታ 2:05

ጋሼ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። ስለ ማታው ቢጫ አንድ ልጨምር። በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በመንዳት ማስመሰያ ላይ ተፈትኖ ነበር። ቢጫው እግረኛን ቶሎ ለማየት አልረዳም። ቢጫ ጥሩ የሚሆነው በቀን ነው። ሰማዩ ሲደፈንና ጉም ሲኖር ነገሮችን ጎላ አድርጎ ያሳያል። የወደቡ ልጅ ለጠዋቱ ጉም ቀለል ያለ ቢጫ ወይም ደረጃ 1 ቡናማ ሊይዝ ይችላል። ፀሐይ እንደወጣ ግን ይቀየር።

የዓይን_ነርስ | ሰኞ፣ ጠዋት 4:40

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የወደቡ ልጅ፣ ያየኸው ሥጋ ፕቴሪጂየም ይባላል። ፀሐይ፣ ንፋስና አቧራ ከሚበዛበት ሥራ ጋር ይያያዛል። ገና ትንሽ ከሆነ በጨረር መከላከያና ባርኔጣ ይያዛል፤ ወደ ብሌኑ እየገፋ ከመጣ ግን ሐኪም ማየት አለበት። አንተም ሄደህ ታይ። አባትህ ሞራው ማየት ሲያስቸግረው በቀዶ ጥገና ይወጣለታል፤ ከዚያ በኋላም ብርሃን ስለሚያስቸግረው መነጽሩ ያስፈልገዋል።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከምድር ወገብም ሩቅ አይደለንም። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንትና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ ልክ አናታችን ላይ ታልፋለች። ነሐሴ ክረምት ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ስስ ደመና ሙቀቱን እንጂ ጨረሩን ያን ያህል አይይዘውም። ሰው ክረምት ላይ መነጽሩን ሳጥን ውስጥ ይከታል። በነሐሴ ግን ከዚያ ደመና በላይ ያለችው ፀሐይ የሚያዝያዋ ናት።

አንድ ሌላም አለ። ሰው ቀትርን ብቻ ነው የሚፈራው። ቀትር ላይ ግን ቅንድብና ባርኔጣ ዓይንን ያስጠልሉታል። ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ፀሐዩ በፊት በኩል ነው የሚገባው። ውሃ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ከታችም ይጨመራል። ሁለቱ ሰዓታት ሌንስ ቆራጭ ከጠቀሳቸው ጋር መቀራረባቸው ደስ አለኝ።

ሰኔ 14 ቀን 2012 እሑድ ቀን የፀሐይ ግርዶሹ በላሊበላ በኩል ሲያልፍ እኛም ከፊሉን አይተናል። ብዙ ሰው በፀሐይ መነጽር ነው ያየው። የትኛውም የፀሐይ መነጽር፣ ደረጃ 4ም ቢሆን፣ ፀሐይን በቀጥታ ለማየት አይሆንም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ደግሞ ከፊል ግርዶሽ አገራችን ላይ ይታያል። ከአሁኑ አስቡበት።

ብየዳ_ቤት | ሰኞ፣ ከሰዓት 8:12

እህቴ፣ ለእኛም አንድ ነገር በይን። እዚህ ሠፈር በረንዳ ላይ የሚበይዱ ልጆች በሙሉ የፀሐይ መነጽር ነው የሚያደርጉት። አንዱ ልጅ ባለፈው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ «ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ገባ» እያለ ሲጮህ አደረ። ቀኑን ሙሉ በር ሲበይድ ነበር የዋለው። እናቱ ቀዝቃዛ ጨርቅ አስራለት፣ ንጋት ላይ ነው ቀለል ያለለት።

የዓይን_ነርስ | ሰኞ፣ ከሰዓት 8:30

ያ አሸዋ አይደለም። የብየዳው ጨረር የዓይኑን የላይኛውን ሽፋን አቃጥሎት ነው። ከሰዓታት በኋላ ሌሊት ላይ የሚያሳክከው፣ የሚያነባውም ለዚያ ነው። በአንድ ሁለት ቀን ይሻለዋል፤ ግን በተደጋጋሚ መሆን የለበትም። እባክህ ለልጆቹ ንገራቸው። የፀሐይ መነጽር ለብየዳ አይሆንም። ለኤሌክትሪክ ብየዳ ፊት ሙሉ የሚሸፍን፣ 10 እና ከዚያ በላይ ቁጥር ያለው መስታወት ያለበት ማስክ ነው። የብየዳው ቁጥር ከመነጽሩ ደረጃ ጋር አይገናኝም።

ይሄን ስለጻፍክ አመሰግናለሁ፤ ከልብ ነው።

የዘጌ_መንገድ | ሰኞ፣ ማታ 1:40

አስጎብኚ ነኝ። የዘጌን ነገር እኔ ልናገር።

ከጀልባ ወርደን ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስንወጣ መንገዱ በቡናው ጥላ ሥር ነው። ከሚያብረቀርቅ ሐይቅ በሃያ እርምጃ ውስጥ ከዛፍ ሥር ትገባለህ። ሥር አለ፣ ድንጋይ አለ፣ እርጥብ ቅጠል አለ። በደረጃ 3 የሚሄድ እንግዳ ይደናቀፋል፤ አይቻለሁ። ለእንግዶቼ የምላቸው መነጽራችሁን ወደ ግንባር አውጡ ነው። ፎቶክሮሚክ ያደረገ ሰው ደግሞ ትንሽ ይታገሥ። ለመጥቆር አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም፤ ለመንጣት ግን ብዙ ደቂቃ ይፈልጋል። ጥላው ውስጥ ገብተህ ሌንሱ ገና የሐይቁን ብርሃን ይዞ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ያውልቅ። ያንን የግድግዳ ሥዕል በቀለም ሌንስ ማየት በእውነት ያሳዝነኛል። ቀዩ ቀይ ሆኖ መታየት አለበት።

ሰርክ_ካሜራ | ሰኞ፣ ማታ 2:22

ስለ ቀለም አንድ ሐሳብ አለኝ። ሁላችሁም ቡናማ ቡናማ ትላላችሁ። እኔ ፎቶ አነሳለሁ፤ የምመርጠው ግራጫ ነው። ግራጫ ሁሉንም ቀለም እኩል ነው የሚቀንሰው። አረንጓዴው አረንጓዴ፣ ሰማዩ ሰማይ ሆኖ ይቆያል። ቡናማ ሰማያዊውን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ነገሮች ተለይተው ይወጣሉ፣ ግን መልካቸው ወደ ሙቅ ያደላል። ማታ 11 ሰዓት ላይ የጣናን ፀሐይ በቡናማ ስታይ ሐይቁ ወርቅ ሆኗል ትላለህ። ስታወልቀው ሌላ ነው።

ደንገል | ሰኞ፣ ማታ 2:41

ወንድሜ፣ አንተ ቀለም ነው የምትፈልገው፤ እኔ ገመድ ነው የምፈልገው። ድፍርስ ውሃ ላይ፣ ቡናማ ውሃ ውስጥ ያለ ቡናማ ግንድ ለይተህ ካላየህ ታንኳህ ላይ ይወጣል። ቡናማው ሌንስ ያንን ይለየዋል። ለሙሉ ቀን የሞቀ ፀሐይ ግራጫም ጥሩ ነው፤ አልከራከርህም። ደመና ሲገባ ግን ግራጫው ሁሉንም ያደበዝዝብኛል።

እንዲያውም ፖላራይዝዱን ራሱን የማወልቅበት ጊዜ አለ። ከሰዓት ንፋስ ሲነሳ ከሩቅ የውሃው ፊት ሽብሽብ ይላል። ያንን ሽብሽብ የምናውቀው በብልጭታው ነው። ፖላራይዝዱ ብልጭታውን ስለሚያጠፋው ንፋሱ ሳላየው ይደርስብኛል። ስለዚህ ደመና ከጎርጎራ በኩል ሲጠቁር መነጽሬን አነሳለሁ፣ ውሃውን በባዶ ዓይኔ አነባለሁ፣ መልሼ አደርጋለሁ። የጀልባ ሰዎች ይሄን ልብ በሉ።

የጎንደር_መስመር | ሰኞ፣ ማታ 2:55

ይሄን አላውቅም ነበር። እድሜ ይስጥህ ልጄ።

የሁለት_ልጆች_እናት | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:18

እኔ ለልጆቼ ነው የምጠይቀው። እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር እንሄዳለን። እኔ ጥላ እይዛለሁ። ለልጆቹ ከመንገድ ላይ ባለ ቀለም መነጽር ገዛሁላቸው፤ አንዷ ሮዝ፣ አንዱ ሰማያዊ። ይጎዳቸዋል ወይ?

ሌንስ_ቆራጭ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:02

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የልጅ ዓይን ከአዋቂ ዓይን በላይ ጨረር ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ስለዚህ ለልጅ መጫወቻ መነጽር መግዛት አይመከርም። ሮዝና ሰማያዊ ለመልክ ናቸው፤ ሥራ የላቸውም። ጨረር ይከለክሉ እንደሆነ ግን ቀለማቸው አይነግርሽም። አንድ ቀን ይዘሻቸው ነይ ወይም ቅርብሽ ወዳለ መነጽር ቤት ውሰጃቸው። ብዙ ቦታ የጨረር መለኪያ አለ፤ ሌንሱን አስገብቶ ማየት አንድ ደቂቃ ነው።

ሐቁን ልናገር፤ ርካሽ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ፕላስቲክ በራሱ አብዛኛውን አልትራቫዮሌት ይይዛል። ከመንገድ ላይ የተገዛ ሆኖ ፈተናውን ያለፈ አይቻለሁ። በብዙ ገንዘብ ተገዝቶ የወደቀም አይቻለሁ። ዋጋውን አይታችሁ አትፍረዱ፤ አስለኩት። መንገድ ላይ በሐምራዊ ባትሪ አብርተው የሚያሳዩትን ግን አትመኑ። ያ መብራት ብዙ ጊዜ 395 እና 405 አካባቢ ነው፤ ዋናውን ጨረር አይወክልም።

ጥላሽ ጥሩ ነው፤ ያዢው። ግን ጥላ የሚከለክለው ከላይ የሚመጣውን ነው። ሐይቁ ዳር ያለው ነጸብራቅ ከጥላው ሥር ይገባል። ለልጆቹ ሰፊ ባርኔጣና ፊታቸውን ዙሪያውን የሚያቅፍ መነጽር ይሻላል።

የሁለት_ልጆች_እናት | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:10

እሽ፤ ቅዳሜ ይዣቸው እመጣለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የባጃጅ_ሰው | ማክሰኞ፣ ማታ 1:30

ፖላራይዝዱን ቡናማ ገዛሁ። አንድ ችግር ብቻ አለ። ባጃጁ ፊት ላይ አስቀምጬው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ዋለ። ሌንሱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ቀጫጭን ስንጥቅ አየሁ። ተበላሸ ማለት ነው?

ሌንስ_ቆራጭ | ማክሰኞ፣ ማታ 1:52

አዎ፣ አዝናለሁ። ሙቀት ሽፋኑን ይሰነጥቀዋል፤ የፖላራይዝዱንም ስስ ሽፋን ያላቅቀዋል። ወይ ዓይን ላይ፣ ወይ ቤቱ ውስጥ ነው መዋል ያለበት። ደግሞ አቧራ ያለበትን ሌንስ በሸሚዝ ወይም በነጠላ በደረቁ አትጥረግ። አቧራው አሸዋ ነው፤ ይቧጭረዋል። መጀመሪያ ውሃ አፍስበት፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ። የተጫረ ሌንስ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመጣ ብርሃኑን ይበትነዋል። ድልድዩ ላይ መነጽር ካለማድረግ የባሰ ይሆንብሃል።

የወደቡ_ልጅ | ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ፣ ማታ 2:35

ያልኩትን ላድርስ። አባቴንም ራሴንም አስመረመርኩ። የእኔ ገና ትንሽ ነው፤ በየስድስት ወሩ ይታይ ተባልኩ። ለአባቴ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተሰጠው።

ሁለት መነጽር ገዛን። ለሐይቁ ቡናማ፣ ደረጃ 3፣ ፖላራይዝድ፣ ፊትን ዙሪያውን የሚያቅፍ። ለጠዋትና ለዘጌ ደረጃ 1 ቡናማ፣ ያለ ፖላራይዝድ። ሁለቱንም ሌንስ ቆራጭ ባለው መሠረት በመለኪያ አስለካሁ፤ ሁለቱም 400 አለፉ። ገንዘቤን ከመክፈሌ በፊት ሐይቁ ዳር ይዤው ሄጄ አዘንብዬ አይቻለሁ። ሻጩም አብሮኝ መጣ። እሱም ራሱ ያን ቀን ነው ያወቀው።

ትናንት አባቴን አደረግኩለት። ደህነኛው ዓይኑ ነው ያየው። ከደብረ ማርያም አለፍ ብለን ሞተሩን ዝግ አደረግኩ። አባቴ መቀመጫው ላይ ወደ ፊት አዘነበለ። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ «ያ መረብ የማነው? ገመዱ ተበጥሷል» አለኝ። እኔ አላየሁትም ነበር፤ የኔን መነጽር ግንባሬ ላይ ሰቅዬው ነበር። ሳወርደው ገመዱ ታየኝ። ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ ታስሮበት ነበር፤ ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው። ጠርሙሱን ያዝንና የተቆረጠውን ቋጥረን ተመለስን። የማን እንደሆነ እናጣራለን፤ ደንገል፣ ከእናንተ ወገን ከሆነ ወደቡ ላይ ጠይቁኝ።

ደግሞ የቀረ ጥያቄ አለኝ። የመነጽሩ ማሰሪያ ከየት ነው የሚገኘው? ሞተር ሲያንጫጫ አንድ ጊዜ ከጆሮዬ ሊወድቅ ሲል ነው የያዝኩት።

ደንገል | ሰኞ፣ ማታ 2:50

መረቡ የአጎቴ ነው። ሰማያዊ ቋጠሮ ካለበት የእሱ ነው። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወደቡ እመጣለሁ። ማሰሪያ አትግዛ፤ ከመረብ ክር ሠርቼ ይዤልህ እመጣለሁ። የአባትህንም ልክ ንገረኝ።